የጀልባን ሆድ በድምፅ ስለ መጠበቅ

ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ጀልባ ሆድ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የፊዚክሱም የባዮሎጂውም የኤሌክትሪኩም ተማሪ የየድርሻውን የሚያገኝበት ስለሆነ ጥቂት ይታገሠኝ።

ማናቸውም ነገር ባሕር ውስጥ ሲነከር በመጀመሪያ ባክቴሪያና ዲያቶም የሚባሉት ረቂቃን ፍጥረታት እንደ ልጋግ ሆነው ይለብሱታል። ቀጥሎ አልጌ ይበቅልበታል። ከዚያም ባርናክል የተባለው የሸርጣን ዘመድ ገና እጭ ሳለ እየዋኘ መጥቶ ራሱን በራሱ ሙጫ ይለጥፍና እንደ ኖራ ድንጋይ የጠነከረ ቤት ይሠራል። ሆዱ እንዲህ የሻከረ ጀልባ ውሃው ይይዘዋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የነዳጁም ወጪ ይበዛል።

የጥንቱ መድኃኒት መዳብ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 አላርም የተባለችውን መርከብ ሆድ በመዳብ ሸፈነ። መዳቡ በጨው ውሃ እየተበላ ቢያስቸግር፣ ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1824 ዚንክና ብረት አያይዞ መዳቡ እንዳይበላ አደረገ። ተሳካለት፤ ግን መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም አረሙና ባርናክሉ ተመልሶ መጣ! ለካ መርከቡን የሚጠብቀው ከመዳቡ የሚወጣው መርዝ ኖሯል። ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ቀለሞችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ከእነርሱም ቲ.ቢ.ቲ. የተባለው የቆርቆሮ ውሁድ ኦይስተርንና የባሕር ቀንድ አውጣን ሲጎዳ ስለ ተገኘ፣ በ2001 የወጣውና ከ2008 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከለከለው።

መርዝ ሳያፈስሱ እጩን ማባረር ይቻል እንደሆነ ሲፈለግ የመጣው ሐሳብ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ፣ ማለት አልትራሳውንድ ነው። ሲሊኮን ቺፕ የተባለው የአውስትራሊያ መጽሔት በ2010 ማንም ጀልባ ያለው ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል መሣሪያ ንድፍ አወጣ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አንዲት ትንሽ ማይክሮ ኮንትሮለር ከ20 እስከ 40 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ከፍ ዝቅ የሚል ምልክት ታወጣለች። ሁለት ትራንዚስተሮች ምልክቱን ተቀብለው የ12 ቮልቱን ባትሪ በፌራይት ትራንስፎርመር ላይ እየተፈራረቁ ያበሩታል፤ ያጠፉታል። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ብዙ መቶ ቮልት ፒዬዞ ሴራሚክ የተባለውን ገንቦ መሳይ ሸክላ ያንቀጠቅጠዋል። ድምፁ በአንድ ልክ የማይቆመው ስለ ምን ነው? እያንዳንዱ የጀልባ ገላ የሚያስተጋባው በየራሱ ልክ ስለሆነና፣ በአንድ ልክ ብቻ ቢነዘር ጸጥ ብለው የሚቀሩ ቦታዎች ስለሚኖሩ ነው። በውሃ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ በ30 ኪሎ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሽቦ ሲበየድ ሴራሚኩን አብዝቶ ማጋል ጠባዩን ያጠፋዋል። ስለ ቮልቱ ደግሞ አደራ እላለሁ፤ መሣሪያው በርቶ ሳለ ሽቦውን መንካት ቀልድ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመግጠሙ ላይ ነው። ሴራሚኩ ከጀልባው ሆድ በውስጥ በኩል በኢፖክሲ ይለጠፋል እንጂ ቀዳዳ አይበሳም። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ፋይበር ግላሱ ከወጣ በኋላ በአሴቶን ይጠረጋል፤ በኢፖክሲውም ውስጥ የአየር አረፋ መቅረት የለበትም። ድምፅ ከኢፖክሲ ወደ አየር ሲደርስ ከሺህ እጅ አንዱ እንኳ አያልፍም፤ የቀረው ወደ መጣበት ይመለሳል። በፋይበር ግላሱ መካከል ስፖንጅ መሳይ አረፋ የተሞላበት ጀልባም የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። እንጨትም ድምፁን ይውጠዋል። ብረት፣ አሉሚኒየምና ድፍን ፋይበር ግላስ ግን ይስማማሉ።

ባትሪውም መታሰብ አለበት። መሣሪያው በአማካይ 0.3 አምፔር ይወስዳል ብንል በቀን 7.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የፀሐይ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይሠራል? በ2011 በወጣ ጥናት የባርናክል እጮች በላቦራቶሪ በ23፣ በ63 እና በ102 ኪሎ ኸርዝ ተፈትነው፣ ከመለጠፍ ይበልጥ የከለከላቸው 23ቱ ሆኖ ተገኝቷል። በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ ያለች እጭና በወደብ የቆመ ጀልባ ግን አንድ አይደሉም። ባለ ጀልባው «ዘንድሮ ሆዱ ንጹሕ ነው» ሲል ዘንድሮ ውሃው ቀዝቅዞ እንደሆነስ? አዲስ ቀለምም ቀብቶ እንደሆነስ? የጀልባውን ግራ ጎን ነዝሮ ቀኙን ለማመሳከሪያ መተው አይቻልም፤ ድምፁ በገላው ሁሉ ይዛመታልና። እኔ ብሆን በአንድ ወደብ የቆሙ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ጀልባዎች ፈልጌ፣ አንድ ቀን አንድ ዓይነት ቀለም ቀብቼ፣ በሁለቱም ላይ መሣሪያውን ገጥሜ የአንዱን ሽቦ በሳጥኑ ውስጥ እቆርጠዋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ከሁለቱም ሆድ እኩል ስፋት ይፋቅና ፍቅፋቂው ደርቆ ይመዘን። የሚፍቀው ጠላቂ የትኛው ጀልባ ሽቦው እንደተቆረጠ አይነገረው።