ሌሊት የሚያድነው ሳቢሳ

«የሌሊት ወፍ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ቀን ቀን በዋሻና በጣሪያ ሥር ተንጠልጥላ የምትውለውን ነው። እርስዋ ግን አጥቢ እንስሳ ናት እንጂ ወፍ አይደለችም። በዚህ ጽሑፋችን የምንመለከተው ላባ ያለውን፥ እንቁላል የሚጥለውን፥ ሲመሽ ወጥቶ ዓሣ የሚያድነውን የሌሊት ሳቢሳ ነው።

ሀ. መልኩና ስሙ

የሌሊት ሳቢሳ ቁመቱ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አናቱና ጀርባው ጥቁር፥ ክንፉ ግራጫ፥ ሆዱ ነጭ፥ ዓይኑ ቀይ ነው። ከማጅራቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ነጭ ላባዎች ይወርዳሉ። ጫጩቱ ግን ቡናማና ነጠብጣብ ስለ ሆነ ሌላ ዓይነት ወፍ ይመስላል። በሳይንስ «ኒክቲኮራክስ» ይባላል፤ ትርጉሙ በግሪክኛ «የሌሊት ቁራ» ማለት ነው። ይህም ስም የወጣለት በጨለማ ሲበር እንደ ቁራ ስለሚጮኽ ነው። ይኸው ቃል በግሪክኛው መዝሙረ ዳዊት በ101ኛው መዝሙር ይገኛል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን «ጉጉት» ተብሎ ተተርጉሟል።

ለ. ጠባዩ

ቀን ቀን ቅጠሉ በበዛ ዛፍ ላይ አንገቱን ሰብስቦ ያንቀላፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ውኃ ይወርዳል። በዳር ቆሞ ሳይነቃነቅ ይጠብቅና ዓሣ ወይም እንቁራሪት ሲቀርበው በመንቆሩ ይይዛል። ነፍሳትንና አይጥንም ይበላል። አንዳንዱማ ፍርፋሪ ውኃ ላይ ጥሎ ዓሣ ሲያጠምድ ታይቷል።

በሌሊት የሚያድነው ለምንድር ነው? ቀን ቀን ውኃው ዳር በሌሎች ሳቢሳዎች የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየተነሣ ከአንድ ውኃ ሁሉም ይመገባል። ጫጩት በሚያሳድግበት ወራት ግን የሌሊቱ ምግብ ስለማይበቃ ቀንም ጭምር ያድናል። ጎጆውን በጭራሮ ይሠራል፤ ከሦስት እስከ አምስት እንቁላል ይጥላል፤ ወንዱና ሴቷም እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ።

ሐ. መኖሪያው

ይህ ወፍ በአገራችን በጣና፥ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ይገኛል። ጀርባው ላይ ነጭ ምልክት ያለው ዘመዱ ደግሞ በአፍሪካ ብቻ የሚኖር ዓይን አፋር ወፍ ነው፤ ቅርንጫፋቸው ውኃውን በሸፈነ ወንዞች ዳር ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር ይኖራል። እንግዲህ ሁለቱም ሁለት ነገር ይሻሉ፤ ለሌሊት ጸጥ ያለ ውኃ፥ ለቀን ጥላ ያለው ዛፍ።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ሁለቱንም ታድሏል። ዳቡስ ረግረጉን አቋርጦ ወደ ሰሜን ይፈስና ከዓባይ ይገናኛል፤ በለስም ከወዲያ ማዶ ይገባል። በጉባ የተሠራው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በ2012 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የቀድሞው የዓባይ ዳር በውኃ ተሸፍኖ ሰፊ ሐይቅ ሆኗል። ለዓሣና ለዓሣ በላተኛ ወፍ ውኃው በዝቷል ማለት ነው። ነገር ግን ዳሩ ዛፍ ከሌለው ወፉ ሌሊት ቢመገብ እንኳ ቀን የሚያርፍበት አያገኝም።

መ. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ቀን የሚታይ ወፍ ሲጠፋ ሰው «የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌሊት የሚወጣው ግን ቢጠፋም ጠያቂ የለውም። ዛፉን ለከሰል የሚቆርጠው ሰው በላዩ ማን እንደ ተኛ አያይም፤ ወፉን ለመጉዳት አስቦም አይደለም። ስለዚህ እኛ ወጣቶች በወንዝ ዳር ያለውን ዛፍ አንቁረጥ፤ የተቆረጠውንም እንተካ። ዛፉ አፈሩን ይይዛል፤ አፈሩ ከተያዘ ውኃው አይደፈርስም፤ ጎርፍም ማሳችንን አይወስድም። ዓሣን በብርብራ ፍሬ ማደንዘዝም ትንሹን ከትልቁ ጋር ስለሚጨርስ እንተወው። ታናናሾቻችንም በዛፍ ላይ የተኛን ወፍ በወንጭፍ እንዳይመቱ እንምከራቸው።

በጨለማ የሚጮኽ ድምፅ ስንሰማም አንፍራ። ቀን የሠራው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሥራውን የጀመረ ፍጥረት መሆኑን እናስብ።