አዲስ አክሰስ ፖይንት ተገዝቶም ዋይፋዩ ለምን ይቆራረጣል?

እሑድ እሑድ ቅዳሴውን ከተከራየነው አዳራሽ በቀጥታ የምናስተላልፈው በዋይፋይ ነበር። ማለዳ አዳራሹ ባዶ ሳለ ስንሞክረው ምስሉ ጥርት ይላል፤ ምእመናን ሲሞሉ መቆራረጥ ይጀምራል። በሕመም ምክንያት ቤት የዋሉ እናቶች «ድምፁ ጠፋብን» እያሉ ይደውላሉ። ኮሚቴው ገንዘብ አሰባስቦ ዋይፋይ 6 የሆኑ ሦስት አክሰስ ፖይንቶች ገዛ፤ በአሮጌዎቹ ቦታ ሰቀልናቸው። በሳምንቱ ያው ሆነ።

ፍጥነት ያነሰን መስሎን ነበር። ያነሰን ግን የአየር ጊዜ ነው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ የቀሩት እያዳመጡ ተራ ይጠብቃሉ፤ አንድ ማይክ ብቻ ያለበት የእድር ስብሰባ በሉት። ራቅ ብሎ ያለ አሮጌ ስልክ በዝግታ ስለሚልክ ማይኩን ይዞ ይቆያል። ዋይፋይ 6 አንዱን ቻናል ለብዙ መሣሪያዎች ከፋፍሎ ማደል ይችላል፤ ይህ የሚሠራው ግን ስልኮቹም ዋይፋይ 6 ሲሆኑ ነው።

በአንድሮይድ ስልክ መቃኛ መተግበሪያ ከፍቼ አየሩን ሳይ መጀመሪያ ያገኘሁት የራሴን ጥፋት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናል 3ን የመረጥኩት «ባዶ ነው» ብዬ ነበር። ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንድ ሲግናል ግን 20 ሜጋኸርዝ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ከጎረቤት ጋር አንድ ቻናል መጋራት ይሻላል፤ ቢያንስ ተሰማምታችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ። በ3 ላይ ስትሆኑ ግን በ1 እና በ6 ላሉት ጫጫታ ናችሁ፤ እነሱም ለእናንተ። የወጥ ቤቱ ማይክሮዌቭም እዚያው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይረብሻል።

ሁለተኛው ጉድ የስሞቹ ብዛት ነው። ለካህናት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለኮሚቴ፣ ለእንግዳ እያልን አራት የዋይፋይ ስም ከፍተናል። እያንዳንዱ ስም በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል «አለሁ» የሚል መልእክት (ቢኮን) ይልካል፣ ያውም በዝቅተኛው ፍጥነት። አስሉት፦ 250 ባይት ማለት 2,000 ቢት ነው፤ በ1 ሜጋቢት ፍጥነት 2 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። 10 ጊዜ ሲላክ ከሰከንዱ 2 በመቶ፣ አራቱ ስሞች 8 በመቶ። ሦስቱም አክሰስ ፖይንቶች በአንድ ቻናል ላይ ነበሩና 24 በመቶው የአየር ጊዜ ማንም ምንም ሳይልክ አልቋል! ስሞቹን ወደ ሁለት ቀነስን፤ ዝቅተኛውን ፍጥነትም ወደ 12 ሜጋቢት ከፍ አደረግን። በጣም ያረጁ መሣሪያዎች ከዚህ በኋላ አይገናኙም፤ አንድ አሮጌ ፕሪንተር ተቀይሞናል።

ከዚያ ስልኮቹን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ገፋን። አዲሶቹ አክሰስ ፖይንቶች 80 ሜጋኸርዝ ስፋት ይዘው ነበር የመጡት፤ ለአንድ ቤት ጥሩ ነው፣ ሕዝብ ለሚሞላበት አዳራሽ ግን ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ለሦስቱም የተለያየ ቻናል ይሰጣል። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ራዳር የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ አክሰስ ፖይንቱ ራዳር ከሰማ ለቆ መውጣት ግዴታው ነው። በቀጥታ ስርጭት መሐል ይህ እንዲደርስ ስላልፈለግን 36፣ 44 እና 149ን መረጥን። ኃይላቸውንም ቀነስን፤ አክሰስ ፖይንት ቢጮህም የስልክ ድምፅ ደካማ ስለሆነ መልሱ አይሰማም።

6 ጊጋኸርዝስ? አሜሪካ በ2020 1,200 ሜጋኸርዝ ከፍታለች፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2021 480 ብቻ። ሰፊና ገና ያልተጨናነቀ ነው፤ ግን ዋይፋይ 6ኢ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ይፈልጋል፣ በግድግዳም ቶሎ ይደክማል። የምእመናኑ ስልኮች አብዛኞቹ አይደርሱበትም፤ ለጊዜው ትተነዋል።

ካሜራውን ግን ከዋይፋይ አውጥተን 30 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ሳብንለት። ከሁሉም የረከሰው እሱ ነበር።