የዱር እንስሳን በቤት ስለ ማሳደግ

በጎብዬና በቆቦ ሜዳ ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ፥ ልጆች በማማ ላይ ወጥተው ከወፍና ከዝንጀሮ ይጠብቁታል። አንዳንዱ ልጅ ከመንጋው የቀረ የጦጣ ግልገል ሲያገኝ ወገቡን በገመድ አስሮ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። አስተማሪ ሆይ፥ ልጁ ይህን ያደረገው በርኅራኄ ነውና ከመቈጣት አስቀድመህ ሕጉን አስረዳው።

በሬና ፍየል ላሳደጋቸው ሰው ገንዘቡ ናቸው፤ የዱር እንስሳ ግን ላገኘው ሁሉ ገንዘብ አይሆንም። በ1999 ዓ.ም. በቍጥር 541 የታወጀው ዐዋጅ፥ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ የተገኘ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፥ ወይም ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት እስራት፥ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደነገገ።

ሽማግሌዎች «ነገሥታቱስ አንበሳ ያሳድጉ አልነበረምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1940 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የተሠራው የአንበሳ ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንበሶች የኖሩበት ነው። ነገር ግን ያ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ጠባቂም ቀለብም ተመድቦለት ነበር። ለአንበሳ ዕለት ዕለት ሥጋ የሚያቀርብ ገበሬ በአገራችን አላየሁም።

በግል እጅ የገባ ግልገል ምን እንደሚደርስበት በጎዴ ታይቷል። በ1998 ዓ.ም. በዚያች ከተማ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ሁለት የአቦ ሸማኔ ግልገሎችን በገመድ አስሮ፥ ለእንግዶች ጨዋታ ሲያታግላቸው ተገኘ። ግልገሎቹም በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ወደ ዱር መመለስ ስለ ምን አልሆነም ቢባል፥ አቦ ሸማኔ አደንን የሚማረው ከእናቱ ነው፤ ሳይማር የተወሰደ በዱር በራብ ይሞታል። ሌሎች ብዙ ግልገሎች ደግሞ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በሶማሌላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው በዐረብ አገር ለባለጠጎች ተሸጠዋል። ኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለውን ንግድ በሚገድበው የዓለም ውል በ1981 ዓ.ም. ገብታለች።

የእኛ ጦጣ ለዐረብ አገር አትሸጥም፤ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ትንሽ ሳለች ታጫውታለች፤ ጥርሷ ሲጠና ትናከሳለች።

መንጋው ገና ቅርብ እንደ ሆነ፥ ልጁ ግልገሉን ካነሣበት ስፍራ መልሶ ይራቅ፤ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ታነሣዋለች። መንጋው ከራቀ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ። ግልገሉ ነክሶት እንደ ሆነ ግን፥ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይዘው ቍስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።