ከፊልሙ ጎን የቆሙ ምስክሮች፦ የ«አልጀርስ ውጊያ» የዲቪዲ ተጨማሪ ክፍሎች እንደ ታሪክ ምንጭ

የጂሎ ፖንቴኮርቮ «የአልጀርስ ውጊያ» በ1966 ተሠርቶ በዚያው ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማትን አገኘ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለአሜሪካ ተመልካች በቀረበው ቅጂ መግቢያ ላይ በፊልሙ ውስጥ ከዜና ፊልም የተወሰደ አንዳችም ቁራጭ እንደሌለ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰፍሯል። ማስታወቂያው ያስፈለገው ሻካራው ጥቁርና ነጭ ምስል ተመልካቹን በቦታው የተቀረጸ ሰነድ የሚመለከት ስለሚያስመስለው ነው። ፊልሙ ሆን ብሎ ያልተጠቀመበትን ሰነድ ያቀረበው ክራይቴርየን በ2004 ያሳተመው ባለ ሦስት ዲስክ ዲቪዲ ነው፤ ተጨማሪ ክፍሎቹ ተደምረው ከፊልሙ ርዝማኔ በእጥፍ ይበልጣሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ እነዚህ ክፍሎች እንደ ማጀቢያ ሳይሆን እንደ ምንጭ ሊነበቡ ይገባል፣ ነገር ግን ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም የሚል ነው።

ዤራር ዠኔት በ1987 ባሳተመው ሥራው መቅድምን፣ ሽፋንንና የመሳሰሉትን አንባቢ ወደ መጽሐፉ የሚገባባቸው ደጃፎች አድርጎ መርምሯቸዋል። የዲቪዲ ተጨማሪ ክፍልም ደጃፍ ነው። ልዩነቱ ተመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍበት ከቤቱ ሲወጣ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ዲስክ ስለ ፊልሙ አሠራር ነው፤ ስፓይክ ሊንና ኦሊቨር ስቶንን ጨምሮ አምስት ዳይሬክተሮች አድናቆታቸውን የሚገልጹበት አጭር ክፍልም አለው። ለታሪክ ተመራማሪ ብዙም አይጠቅምም። ክብደት ያለው ሦስተኛው ዲስክ ነው።

በዚህ ዲስክ የአልጄሪያውያንን ወገን ከሚናገሩት አንዱ ሳዲ ያሴፍ ነው። ያሴፍ በካስባ የነጻ አውጪው ግንባር የጦር መሪ ነበር፤ ታስሮ ሳለ ትዝታውን ጻፈ፤ ፊልሙ ከዚያ ትዝታ ተነሣ፤ በፊልሙ ሥራ አምራች ሆኖ ተሳተፈ፤ በራሱ አምሳል የተቀረጸውን ጃፋርንም ራሱ ተጫወተ። እንግዲህ ያሴፍ በቃለ መጠይቁ ፊልሙ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ አንድ ምስክር ቀድሞ የሰጠውን ቃል መድገሙ እንጂ ሁለተኛ ምስክር መቆሙ አይደለም። ይህ ምስክርነቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ማመሳከሪያ ግን ሊሆን አይችልም።

የዞህራ ድሪፍ ነገር ይለያል። በመስከረም 30 ቀን 1956 ሚልክ ባር በተባለው ካፌ ቦምብ ያኖረችው እርሷ ናት። በፊልሙ ሦስቱ ሴቶች በመስታወት ፊት መልካቸውን ሲለውጡ የምንሰማው ከበሮ ነው፤ ንግግር የለም። በተጨማሪው ክፍል ግን ድሪፍ በራሷ አንደበት ትናገራለች። ፊልሙ በዝምታ ያለፈውን የሴቶቹን አሳብ የሚሻ ተመራማሪ ሊጀምር የሚገባው ከዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በ2002 ከተሠራው የፓትሪክ ሮትማን ዘጋቢ ፊልም የተወሰደው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ከፍተኛ የፈረንሳይ መኮንኖች ስለ ማሰቃየትና ያለ ፍርድ ስለ መግደል ይናገራሉ። እነዚህ ሰዎች ከፊልሙ ሥራ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ የሚናገሩትም የገዛ ሠራዊታቸውን የሚያስነቅፍ ነው። የምስክርነታቸው ዋጋ ከዚህ ይመነጫል። የላርቢ ቤን ምሂዲን አሟሟት ለምሳሌ እንውሰድ። ፊልሙ ሞቱን የሚነግረን ፈረንሳዮቹ በሰጡት መግለጫ፣ ማለትም ራሱን ሰቀለ በሚለው ቃል፣ ነው፤ ጋዜጠኞቹ መግለጫውን ሲጠራጠሩ ያሳየናል፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም። ጄኔራል ፖል ኦሳሬስ በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ግድያው በእርሱ መሪነት መፈጸሙን አመነ፤ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንትም ቤን ምሂዲ በፈረንሳይ ወታደሮች መገደሉን በኅዳር 2024 በይፋ ተቀበሉ። በ1966 ጥርጣሬ ብቻ የነበረው ትዕይንት ዛሬ ሲታይ ሌላ ትርጉም አለው፤ ዲቪዲው የወጣው በዚህ ለውጥ መካከል ነው።

በዚሁ ዲስክ ሪቻርድ ክላርክና ማይክል ሺሃን የተባሉ የቀድሞ የአሜሪካ ፀረ ሽብር ኃላፊዎች ስለ ፊልሙ ይወያያሉ። ፊልሙ በነሐሴ 2003 በፔንታጎን መታየቱ፣ በ2004 የጸደይ ወራትም የአቡ ግራይብ እስር ቤት ፎቶግራፎች መውጣታቸው ለውይይቱ መነሻ ምክንያት ይመስለኛል። ክፍሉ ስለ አልጄሪያ የሚያስተምረው ጥቂት ነው፤ ስለ 2004 ዋሽንግተን ግን ብዙ። በውይይቱ ጠረጴዛ አልጄሪያዊ የለም። ቅኝ ተገዢው ነጻነቱን ያገኘበት ታሪክ በዚህ ክፍል የገዢው ኃይል የስልት ጥያቄ ይሆናል፤ ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ሳይሆን እንደ ዘመኑ ማስረጃ ማንበብ ይቻላል።

ይህ ሁሉ የአጠቃቀስ ጥያቄ ያስነሣል። «የአልጀርስ ውጊያ፣ 1966» ብሎ ጠቅሶ ከሦስተኛው ዲስክ የተገኘን ቃል ማስገባት የ2002ን ወይም የ2004ን ምስክር ወደ 1966 መመለስ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ አዘጋጅና በራሱ ዓመት ሊጠቀስ ይገባል። ፊልሙን ብቻውን በኢንተርኔት የሚመለከት ተማሪም ደጃፎቹ ሳይከፈቱለት እንደቀሩ ሊያውቅ ይገባል፤ የቤተ መጻሕፍት ክፍሎቻችን ዲስኮችን ከመደርደሪያ ከማስወገዳቸው በፊት በውስጣቸው ያለውን ቢመዘግቡ ይጠቅማል።