ታናሹ ፈረስና ጋላቢው

ፈረስ ከጥንት ጀምሮ ሰውን የሚያገለግል እንስሳ ነው። ሰው ሲቸኩል ያደርሰዋል፤ ሲደክም ይሸከመዋል፤ በሰርግ ቀን ተሸልሞ ያጅበዋል። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለው ተርተዋል። ትርጓሜውም ፈረስ የራሱን ሥራ ይሠራል፥ የቀረው ግን የጋላቢው ፈንታ ነው ማለት ነው።

ጂንካ በደቡብ ኦሞ ምድር ያለች ከተማ ናት። በከተማዋ አጠገብ የአሪ ሕዝብ የሚኖርበት ደጋ ይነሣል። አገሩ ተራራና ሸለቆ የበዛበት፥ እንሰትና ቡና እህልም የሚበቅልበት ነው። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ስለሚቆም የደጋው ሰው ማለዳ ተነሥቶ ይወርዳል። አንዳንዱ ሸክሙን በራሱ ተሸክሞ በእግሩ ይሄዳል፤ ፈረስ ያለው ግን በፈረስ ይመጣል። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ በሆነ ጊዜ መኪና የማያልፍበትን ስፍራ ፈረስ ያልፈዋል።

ከጂንካ ወደ ማጎ ሸለቆና ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርድ ሰው ግን ፈረስ አያገኝም። በዚያ ቆላ ቆላ ዝንብ የሚባል ተናካሽ ዝንብ አለ። ይህ ዝንብ ሲነክስ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በገንዲ የተያዘ እንስሳ ያተኩሰዋል፥ ደሙ ያንሳል፥ እየከሳ ሄዶ ይሞታል። ስለዚህ በቆላው የሚኖሩት ሙርሲና ካሮ ሐመርም ከብታቸውን የሚጠብቁት በእግራቸው እየሄዱ ነው። ፈረስ የደጋ ልጅ ነው፤ ያለ አገሩ ቢወስዱት አይጸናም።

የኢትዮጵያ ፈረስ ቁመቱ አጭር ነው። ከመሬት እስከ ትከሻው ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ነገር ግን ደረቱ ሰፊ፥ እግሩ ጽኑ፥ ሰኮናው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ብረት ሳይመታለት በድንጋይ ላይ ይሄዳል። ጥቂት ሣር ይበቃዋል፤ ብርዱንም ይታገሣል። መልኩ ዳማ፥ መጋላ፥ ጉራቻ ወይም አምባላይ ሊሆን ይችላል። የከብት ሊቃውንት በኢትዮጵያ ስምንት የፈረስ ወገኖችን ለይተዋል። እነዚህም የአቢሲኒያ፥ የባሌ፥ የቦረና፥ የሆሮ፥ የከፋ፥ የሰላሌ፥ የኦጋዴንና በቁንዱዶ ተራራ በዱር የሚኖረው ፈረስ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠውን ፈረስ ፖኒ ይሉታል፤ ብዙ ጊዜም ለልጆች መጋለቢያ ያደርጉታል። ስለዚህ ከዚያ የመጣ እንግዳ የደጋውን ሰው በታናሽ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ቢያየው «ይህ ሰው ለዚህ ፈረስ አይከብደውምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ሁለት መልስ አለው። ፊተኛው፦ ታናሽ ነው ብለህ አትናቀው የሚል ነው። ሁለተኛው፦ ይችላል ብለህ አታስጨንቀው የሚል ነው። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው እውነተኛ ጋላቢ ይባላል።

ታናሽ ፈረስ መናቅ እንደሌለበት ብዙ ምስክር አለ። በስተ ሰሜን በባሕር መካከል አይስላንድ የምትባል ብርዳም ደሴት አለች። የዚያ አገር ፈረስ አጭር ነው፤ ሆኖም ከ1000 ዓመት በላይ ጎልማሶች ሲቀመጡበት ኖረዋል። በመከር ወራት ባላገሮቹ በእርሱ ተቀምጠው በጎቻቸውን ከተራራ ይሰበስባሉ። ደግሞ ከ800 ዓመት በፊት የሞንጎልያ ሰዎች በታናናሽ ፈረሶቻቸው ተቀምጠው ከእስያ ዳርቻ እስከ አውሮፓ ምድር ዘመቱ።

በኢትዮጵያም ታላላቅ ሰዎች በአገራቸው ፈረስ አላፈሩም፤ እንዲያውም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ በተደረገው ጦርነትም የኢትዮጵያ ፈረሰኞች ለድሉ ታላቅ እርዳታ አደረጉ። በአገው ምድር ይህን ለማስታወስ በ1932 ዓ.ም. የፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሽማግሌውም ጎልማሳውም ፈረሱን በግላስ ሸልሞ ይወጣል፤ በሜዳም ሽምጥ ይጋልባል።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን መልስ እንመልከት። ፈረስ አፍ የለውም፤ ከበደኝ ብሎ አይናገርም። የሚችለውን ያህል ይሸከማል፤ የማይችለውንም ቢጭኑበት እስኪወድቅ ድረስ ይሞክራል። ስለዚህ መለኪያውን ማወቅ የጋላቢው ግዴታ ነው። በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህን መርምሮ ነበር። ፈረሶቹ የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ በተሸከሙ ጊዜ ብዙ አልተጎዱም። ሩቡንና ከዚያ በላይ በተሸከሙ ጊዜ ግን ልባቸው ፈጥኖ መታ፥ ጡንቻቸውም ታመመ። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ቢኖር አንድ አምስተኛው 50 ኪሎ ነው፤ በዚህም ውስጥ ኮርቻው ይቈጠራል። ስለዚህ ክብደቱ ከዚህ የሚበልጥ ሰው ወፍራሙንና ጠንካራውን ፈረስ ይምረጥ፤ በላዩ ሌላ ጭነት አይጨምር፤ በዝግታ ይሂድ፤ ዳገት ሲደርስም ይውረድ።

ልጆች ሆይ፥ በአሪ ደጋ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞችን በምሳሌ አስቡ። ለሁለቱም አንዳንድ ፈረስ አላቸው። አንደኛው ወደ ገበያ ሲወርድ ቡናውን በኬሻ ጭኖ እርሱ ራሱ በላዩ ይቀመጣል። ሲመለስም ጨውና ዕቃ ጭኖ ዳገቱን ሁሉ ሳይወርድ ይወጣል። ሁለተኛው ግን ጭነት ባለ ጊዜ በእግሩ ይሄዳል፤ ባዶ በሆነ ጊዜ ብቻ ይቀመጣል። አንደኛው ባልንጀራውን እያየ «ፈረስ እያለህ በእግርህ ትሄዳለህን?» ብሎ ይስቅበታል። ሁለተኛውም «ወንድሜ፥ ነገም መንገድ አለ» ብሎ ይመልሳል።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአንደኛው ሰው ፈረስ ጀርባው ቆሰለ። ሰውየው ቁስሉን በጨርቅ ሸፍኖ ደግሞ ጫነበት፤ ቁስሉም ሰፋ። ክረምት በገባ ጊዜ አንድ ሌሊት የሰውየው ልጅ በጽኑ ትኩሳት ታመመ። ዝናሙ አላቋረጠም፤ መኪናም በጭቃው ሊያልፍ አልቻለም። አባትየው ፈረሱን ሊጭን ሮጦ ወጣ። ነገር ግን ኮርቻው ገና ጀርባውን ሲነካው ፈረሱ ተንቀጠቀጠና ተኛ። ያን ጊዜ አባትየው ምን ያደርግ? ወደ ሳቀበት ጎረቤቱ ሄዶ ደጁን መታ።

ጎረቤቱም ቃል ሳይናገር ፈረሱን አውጥቶ ጫነለት። ልጁን በእናቱ እቅፍ አድርገው ከኮርቻው ላይ አስቀመጡአቸው፤ ሁለቱ ሰዎች ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። ታናሹ ፈረስ በጨለማ ድንጋዩን እየመረጠ በዝግታ ወረደ፤ ሲነጋም ጂንካ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ልጁም ዳነ። አባትየው ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ የፈረሱን ጀርባ በንጹሕ ውሃ አጠበ፤ ቁስሉ እስኪድን ድረስም ኮርቻ አላስነካውም። ጎረቤቱ በሰላሙ ቀን ያሳየው ምሕረት በችግር ቀን ለሌላ ሰው ልጅ እንኳ ደረሰ።

ፈረስ ያለው ሰው እነዚህን ነገሮች ይጠብቅ። ከመጫኑ በፊት ጀርባውን በእጁ ዳብሶ ይመልከት። ከኮርቻው በታች ለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ያድርግ። ሰኮናውን አንሥቶ የተሰካ ድንጋይ ቢኖር ያውጣ። በመንገድ ውሃ ያጠጣው። ማታ ኮርቻውን አውርዶ ላቡን ያብስለት፥ ሣርም ይስጠው። ውርንጭላ ገና አጥንቱ ስላልጸና አይቀመጥበት። የቆሰለውን ፈረስ ያሳርፈው።

ትልቅነት በቁመት አይለካም። ታናሹ ፈረስ ትልቁን ሰው ተሸክሞ ተራራ ያወጣዋል። ሰው ደግሞ ትልቅ የሚባለው በላይ ስለ ተቀመጠ አይደለም፤ ከበታቹ ላለው ሲያዝን ነው። በፈረስ የማይራራ በሎሌውና በታናሽ ወንድሙም አይራራም። ኃይል ያለው ሁሉ ልጓም በእጁ እንዳለ ያስብ።

ጥያቄ።
1. ፈረስ በማጎ ሸለቆ የማይኖረው ስለ ምን ነው?
2. የኢትዮጵያ ፈረስ አጭር ሲሆን ጠንካራ የሚያሰኘው ምንድር ነው?
3. 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ አንድ አምስተኛው ስንት ኪሎ ነው?
4. ሁለተኛው ጎረቤት «ነገም መንገድ አለ» ሲል ምን ማለቱ ነበር?
5. በቤታችሁ ከእናንተ በታች ሆኖ የሚያገለግል እንስሳ የትኛው ነው? እንዴትስ ትይዙታላችሁ?