ከመፈረምዎ በፊት፦ መኪና ለገጨው ሳይክል ነጂ የሕግ ምክር

በባሕር ዳር ሳይክል ነጂ ተገጭቶ ካሳ ሲያጣ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሕጉ አይደለም። ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። የሚያስረታው የፈረመው ወረቀት፣ ያልያዘው ወረቀት ወይም ያሳለፈው ቀን ነው። ይህን ደጋግሞ ማየት ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

ሕጉን ባጭሩ ልጨርሰው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት፣ ማንም ይንዳው ማን፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር አያመልጥም። በቁጥር 2086 መሠረትም «ጥፋት የለብኝም»፣ «ፍሬን እምቢ አለ» ማለት አያድነውም።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ከሰባታሚት በማለዳ ሳይክሉን እየነዳ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው ሚኒባስ ይገጨዋል እንበል። ሹፌሩ ደግ ነው፤ አንስቶ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያደርሰዋል፤ ካርድ ያወጣል፣ ራጅ ያስነሳል። ማታ ሽማግሌ ይመጣል። «ልጁ የሰው መኪና ነው የሚነዳው፣ ሥራውን ታሳጣዋለህ፤ አንተንም እግዜር አትርፎሃል፤ ጨርሱት» ይባላል። ጥቂት ሺህ ብር ይቆጠራል። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ተብሎ ይጻፍና ምስክሮች ይፈርማሉ። ትራፊክ ፖሊስም «ተስማምተናል» ተብሎ ይመለሳል። ከወራት በኋላ የተሰበረው እግር ያመረቅዛል፤ ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያዛል። ሹፌሩ ስልክ አያነሳም፤ ባለንብረቱም «በሽማግሌ ጨርሰናል» ብሎ ያንኑ የደብተር ቅጠል ያወጣል።

ያ ቅጠል ቀላል እንዳይመስልዎ። በቁጥር 3312 መሠረት ሰዎች ክርክራቸውን በስምምነት ከጨረሱ፣ ስምምነቱ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «መብቴ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅሁም ነበር» ማለትም አያፈርሰውም። በተግባር ዳኞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይወስኑም። ታማሚው በሆስፒታል አልጋ ላይ እያለ ያስፈረሙትን ወረቀት በጥርጣሬ የሚያዩ አሉ፤ ፊርማውን አይተው መዝገቡን የሚዘጉም አሉ። እርስዎ ግን በዳኛ ርኅራኄ ላይ አይወራረዱ።

ሽማግሌን አልነቅፍም። እርቅ ደም ያደርቃል፣ ጎረቤትን ያኗኑራል። ነገር ግን የሽማግሌዎቹ ልመና የሚቆመው በተሳሳተ ቦታ ነው። ካሳውን የመክፈል ኃላፊነት በድሃው ሹፌር ላይ ብቻ አይደለም፤ ባለንብረቱና መድን ሰጪው አሉ። ለሹፌሩ ሲራሩ ይቅር ያሉት የባለንብረቱን ዕዳ ነው። ለሹፌሩም ቢሆን የእጅ ስምምነት አደጋ አለው፤ ብዙ የመድን ውሎች ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት ማመንንና መክፈልን ይከለክላሉ። ገንዘብ መቀበል ግድ ከሆነብዎ በወረቀቱ ላይ ይህን ያጽፉ፦ «ይህ ገንዘብ እስከ ዛሬ ለወጣ የሕክምና ወጪ ብቻ የተከፈለ ነው፤ ለወደፊት ሕክምና፣ ለአካል ጉዳትና ለተቋረጠ ገቢ ያለኝን መብት አያስቀርም።» ይህን ለመጻፍ የማይፈቅድ ሰው ምን እንደፈለገ ነግሮዎታል።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀን ነው። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቁጥር 2143። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል። አንዱ ተጎጂ በወንጀሉ መዝገብ ተስፋ ያደርጋል፤ «ሹፌሩ ይፈረድበትና ከዚያ እከሳለሁ» ይላል። ዐቃቤ ሕግ ይዘገያል፣ ምስክር ይቀራል፣ ቀጠሮ ይረዝማል፤ ፍርዱ ሲመጣ የካሳው ጊዜ አልፏል። ሌላው ደግሞ በባለንብረቱ ተስፋ ያደርጋል። ሰውየው በየወሩ ለመድኃኒት ትንሽ ትንሽ ይሰጠዋል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ መስጠቱን ያቆምና ፍርድ ቤት ሲቀርብ «በይርጋ ታግዷል» ይላል።

ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት ከረዘመ፣ የካሳውም ጊዜ በዚያው ልክ እንደሚረዝም ይኸው ቁጥር ይናገራል። እኔም ይህን ክርክር አቀርባለሁ፤ ነገር ግን ሌላ መውጫ ላጣ ደንበኛ ብቻ። ሁለቱ ዓመት ሳይሞላ መክሰስ ለሚችል ሰው ይህን አልመክርም። የወንጀሉን ፍርድ መጠበቅም ግዴታ አይደለም፤ በቁጥር 2149 መሠረት ሹፌሩ ከወንጀሉ በነጻ ቢለቀቅ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በዚያ አይገደድም። የካሳውን ጥያቄ ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ በችሎት ግን ብዙም አይሠራበትም። እሱን ተስፋ አድርገው ራሱን የቻለ ክስ ከማቅረብ አይዘግዩ። አንድ አጭር ቀን ደግሞ አለ፦ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ቀላል ጉዳት ከሆነ፣ አቤቱታው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ባወቁ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ሦስተኛው ወጥመድ ማስረጃ ነው። ትራፊክ ፖሊስ በቦታው የሚያነሳው ፕላን ከሌለ መኪናው የት እንደነበር፣ እርስዎም በየትኛው ጠርዝ ይሄዱ እንደነበር የሚያሳየው የምስክር ቃል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መቆም ከቻሉ ፖሊስ ሳይመጣ ሳይክሉን ከቦታው አያንሱ። የሆስፒታል ደረሰኝ በስምዎ ይሁን፤ ሹፌሩ የከፈለበትንም ቅጂ ይያዙ። የአካል ጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይጠይቁ። ገቢዎን የሚያሳይ ወረቀት ያዘጋጁ፤ የቀን ሠራተኛ ከአሠሪው፣ ነጋዴ ከግብር ደረሰኙ። የሕሊና ጉዳት ካሳ በሕጉ ከ1,000 ብር ስለማይበልጥ፣ ቁም ነገር ያለው ካሳ የሚገኘው ከሕክምና ወጪና ከተቋረጠ ገቢ ነው፤ ሁለቱም በወረቀት ይረጋገጣሉ። ሳይክሉም ሊብሬ የለውም። ከሰው እጅ «ውሰድ» ተብለው ከገዙት፣ ሲሰባበር የእርስዎ ስለመሆኑ የሚናገር ነገር የለም። ስለዚህ ሲገዙ በሻጩ ፊርማ፣ የፍሬሙን ቁጥር አስገብተው ደረሰኝ ያጽፉ።

ስለ መድን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት። አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት 40,000፣ ለንብረት 100,000፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር፤ ጣሪያ ስለሚከለስ ዛሬ የሚሠራበትን ያጣሩ። ዋናው ነጥብ ግን ይህ የመድን ሰጪው ጣሪያ እንጂ የካሳዎ ጣሪያ አለመሆኑ ነው፤ ቀሪውን ባለንብረቱን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከመድን ሰጪው ቼክ ሲቀበሉ የሚፈርሙትን ቅጽ እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ። ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና ተጎጂ የመድን ፈንድ አለ፤ እዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ «የፖሊስ ማስረጃ አለህ?» ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣዎ። ከአባይ ድልድይ ጀምሮ ያለውን ይመልከቱ፦ በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ ለሳይክል የተለየ መስመር አለው፤ መስመሩ ባለቀበት ቦታ ግን ከባጃጅ፣ ከአይሱዙና ከሲኖትራክ ጋር አንድ አስፋልት ይጋራሉ። በግራ ጠርዝ ተቃራኒ የሚነዳ፣ በጨለማ ያለ መብራት የሚወጣ፣ የባጃጅ ብረት ይዞ የሚጎተት፣ ከኋላው ሰው ጭኖ በጆሮው ሙዚቃ የሰካ ሰው፣ ቢገጭ ካሳው ይቀነስበታል፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ከሆነ ጨርሶ ያጣል።

ገጪው እርስዎ ሲሆኑም ሕግ አለ። በሳይክል እግረኛ ቢጥሉ፣ ጥፋትዎ ከተረጋገጠ ካሳ ከኪስዎ ይከፍላሉ፤ ሳይክል የሦስተኛ ወገን መድን የለውምና። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በኪራይ ሳይክል አሮጊት ቢገጭ ተጠያቂው አባት ነው። ሰው የጎዳ ደግሞ ሳይረዳ ቢሄድ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 575 ይጠየቃል፤ ሕጉ የመኪና ሹፌር ብቻ አይልም።

የመጨረሻው ምክር ባጃጅ ለሸጡ አንባቢዎች ነው። «አምኜው ነው፣ ስሙን በኋላ እናዛውራለን» ብለው ሊብሬው በስምዎ ከቀረ፣ ገዢው ሳይክል ነጂ ሲገጭ መጥሪያው እርስዎ ቤት ይመጣል። ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ባለንብረትን በሊብሬው ያውቁታል። በእርግጥ በይዞታው ሥር ያደረገው ማን እንደሆነ የሚመረምሩም አሉ፤ ያን ለማስረዳት ግን የሽያጭ ውል ያስፈልጋል፣ እርስዎ የያዙት የእጅ መጨባበጥ ነው። የተጎጂው ጠበቃ ብሆን እኔም የምከሰው ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው።

ለማጠቃለል፦ ሲገጩ ታርጋውንና በመስታወቱ ላይ ያለውን የመድን ተለጣፊ በስልክ ያንሱ፤ ያየ ሰው ስልክ ይቀበሉ፤ ፖሊስ ይጥሩ፤ ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ይሂዱ። ለዳኝነት ገንዘብ የሌለው ሰው በድህነት በነጻ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ ገንዘብ ማጣት ለመዘግየት ምክንያት አይሁንዎ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ወደ ጠበቃ ሲመጡ በመጀመሪያ የሚጠየቁት አደጋው የደረሰበትን ቀን ነው፤ ሁለት ዓመቱን ከዚያ ቆጥረው፣ ሳይሞላ ይምጡ።