አንድ ኩንታል ሽምብራ ስንት ቀን ይተኛል?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ማክሰኝት የሽምብራ አገር ናት። በአካባቢው ያለው ገበሬ ክረምቱ ሲያባራ ዋልካው መሬት በያዘው እርጥበት ተማምኖ ይዘራል። አዝመራው ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ሰብሳቢው፣ ደላላውና ባለመጋዘኑ «ዛሬ ስንት ዋለ?» እየተባባሉ ይሯሯጣሉ። የገዛው እህል ተመልሶ ገንዘብ እስኪሆን ስንት ቀን እንደፈጀበት የሚቆጥረው ነጋዴ ግን ጥቂት ነው።

ቆጠራው የሚያዋጣ መሆኑን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ለምሳሌ በቀን 50 ኩንታል የሚገዛ ነጋዴ፣ ከገዛበት ቀን አንስቶ ገንዘቡ እጁ እስኪገባ 12 ቀን ይፈጅበታል እንበል። በማንኛውም ቀን የ600 ኩንታል ዋጋ ታስሮበታል ማለት ነው። ቀኑ ወደ 7 ቢወርድ የሚታሰረው 350 ይሆናል። የተፈታው የ250 ኩንታል ገንዘብ በ18 በመቶ ወለድ የተበደረው ቢሆን ኖሮ፣ ዓመቱን ሙሉ በዚሁ መጠን ቢሠራ ለባንክ የሚከፍለው የ45 ኩንታል ዋጋ ነበር። ስሌቱ አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ ነው፤ ለባንክ ቤት ሰልፍም ለእህል መጋዘንም እኩል ይሠራል።

ታዲያ አምስቱ ቀን ከየት ይቆረጣል? የሥራ ሂደትን በሥዕል ነድፎ የማሻሻል ሥልጠና የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ነባሩን ሂደት እንዳለ ይስላል። ክብ መነሻንና መድረሻን፣ አራት ማዕዘን ሥራን፣ በካርታ ጨዋታ እንደምናውቀው ዳይመንድ ያለው ቅርጽ ደግሞ ውሳኔን ያመለክታል። አግዳሚ ረድፎቹ ሥራው በማን እጅ እንዳለ ይለያሉ። ቢ.ፒ.ኤም.ኤን. የሚባለው ይህ የሥዕል ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ቋንቋውን ለመልመድ ኮምፒዩተር ግድ አይደለም፤ ሰፊ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ከሥዕሉ ይልቅ የሚከብደው እውነቱን መጻፍ ነው። በምሳሌያችን ማበጠሩ አንድ ቀን፣ መመዘኑና መጫኑ ግማሽ ቀን፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው ጉዞ ሁለት ቀን ቢፈጅ፣ ሥራ ተብሎ የሚቆጠረው ሦስት ቀን ተኩል ብቻ ነው። ስምንት ቀን ተኩሉ ጥበቃ ነው። ጭነት እስኪሞላ፣ መኪና እስኪገኝ፣ ወረቀት እስኪፈረም፣ ገዢው ናሙና አይቶ እስኪወስን እህሉ ይተኛል። ስለዚህ አበጣሪዎቹን «ፍጠኑ» እያሉ መጮህ ግማሽ ቀን እንኳ አያተርፍም። ብዙው ባለሀብት ጉልበቱን የሚጨርሰው ግን እዚያው ላይ ነው።

የዚህ አስተሳሰብ አባት የሚባለው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው የፎርድ ታሪክ ለእህል ነጋዴም ትምህርት አለው። የፎርድ የሰሜን አሜሪካ የክፍያ ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ በማዝዳ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት 5 ነበሩ። ማዝዳ አነስተኛ ኩባንያ መሆኑ ከግምት ቢገባም ልዩነቱ አስደንጋጭ ነው። ሠራተኞቹ የግዢ ትዕዛዝ፣ የመረከቢያ ሰነድና የሻጭ መጠየቂያ ሲያመሳክሩ ይውሉ ነበር። ፎርድ ማመሳከሩን ከማፋጠን ይልቅ የሻጩን መጠየቂያ አስቀረው። ዕቃው ሲደርስ ተረካቢው ከትዕዛዙ ጋር መስማማቱን በኮምፒዩተር ያረጋግጣል፤ ክፍያውም በዚያው ይታዘዛል።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምርቱ መጋዘን ሲገባ አንዴ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ደረሰኝ እንዲቆረጥለት፣ ግብይቱም በደረሰኙ እንዲካሄድ፣ ክፍያው በማግስቱ እንዲፈጸም ሆኖ ተነደፈ። በየእጁ ናሙና የመበተኑ ሥራ በንድፉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሞከረው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ማለትም ቢ.ፒ.አር.፣ ስሙን ያተረፈው በሌላ ነገር ነው። ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገው ደጅ ጥናት በአንዳንድ ቦታ አጠረ፤ ሠራተኛው ግን ቃሉን የሚያስታውሰው ከምደባና ከድልድል ሥጋት ጋር ነው። ይህ ለግል ነጋዴውም ማስጠንቀቂያ ነው። ሚዛን ያዡና ጫኙ ሥዕሉ እንጀራቸውን እንደሚነጥቅ ከጠረጠሩ የእውነቱን ቀን አይነግሩም፤ የተሳሳተ ቀን ላይ የተሠራ ማሻሻያ ደግሞ ከወረቀት አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ያስፋፋው ዘዴ በዚህ ረገድ ለስለስ ይላል። ሠራተኛው ራሱ ብክነቱን እንዲፈልግ ያደርጋል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎችም ለአንዲት መጋዘን ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

የደላላውስ ነገር? ሥዕሉ ሲዘጋጅ መጀመሪያ እንዲሰረዝ የሚታጨው የእሱ ረድፍ ነው። ችኮላ ነው። ጭነት አራግፎ ባዶውን ወደ መሐል አገር የሚመለስ መኪና የት እንዳለ የሚያውቅ ደላላ ካለ፣ ከስምንቱ የጥበቃ ቀናት ሁለቱን ወይም ሦስቱን የሚቆርጠው እሱ ነው። ሁለቱን ወገኖች ደጋግሞ ከማነጋገር በቀር ቀን የማያሳጥረው ደላላ ግን ኮሚሽኑ ከምን እንደመጣ በሥዕሉ ላይ ማሳየት ይቸግረዋል። ነጋዴው በሚቀጥለው አዝመራ ከደላላው ጋር ሲዋዋል ኮሚሽኑን በኩንታል ብቻ ሳይሆን መኪናው በሚቀርብበት ቀን ጭምር እንዲሰላ ቢጠይቅ፣ የትኛው ደላላ የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ጭነት ይለያል።